የቤት መዝገብ ቤት ሲጠብ

የአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ የሚቃናው መዝገብ ቤቱ የተደራጀ ሲሆን ነው። መዝገብ ቤቱ የተበላሸበት መሥሪያ ቤት፥ ሹሙ ቢተጋና ጸሐፊው ቢፈጥን እንኳ ባለጉዳይን በወግ ማስተናገድ ይሳነዋል። ቤተ ሰብም እንዲሁ የራሱ መዝገብ ቤት አለው። ዱሮ ይህ መዝገብ ቤት በአልጋ ሥር የሚቀመጥ ሣጥን ነበረ፤ የጋብቻ ውል፥ የልጆች የትምህርት ምስክር ወረቀትና ጥቂት ፎቶግራፎች በዚያ ይጠበቁ ነበር። ዛሬ ግን በብዙ ቤቶች የሣጥኑን ቦታ ኮምፒዩተር ወስዶታል።

በዚህ ሳምንት የምንነጋገረው ይኸው ሣጥን ሞልቶ ሲጠብ ምን ማድረግ እንደሚገባ ነው። ጉዳዩ በባልና በሚስት መካከል ክርክር ማስነሣቱ አይቀርም። አንዱ ወገን «የቆዩትን ፎቶግራፎች እንደምስስ» ሲል፥ ሌላው «አዲስ ኮምፒዩተር እንግዛ» ይላል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ባይቸኩሉ ይሻላል። የሟች አያትን መልክ የያዘ ፎቶግራፍ አንድ ጊዜ ከተደመሰሰ በኋላ ገንዘብ አይመልሰውም፤ በደኅና የሚሠራውንም ኮምፒዩተር ማከማቻው ስለ ጠበበ ብቻ መጣል ማባከን ነው። ሦስተኛው መንገድ ማከማቻውን ብቻ በሰፊው መለወጥ ነው።

ስለ ማከማቻው ጠባይ ጥቂት እንበል። ሀርድ ዲስክ የሚባለው በውስጡ እንደ ሸክላ የሚሽከረከር ሳሕን አለው። አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. ያቀረበው የመጀመሪያው ዲስክ 50 ሳሕኖች የነበሩትና እንደ ትልቅ ቁም ሣጥን የገዘፈ ነበረ፤ የሚይዘው ግን 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ስለ ነበረ፥ በዛሬው ልክ ከአንድ የስልክ ፎቶግራፍ እምብዛም አይበልጥም። ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው አዲሱ ማከማቻ የሚሽከረከር ነገር የለውም። የሚጽፈው በፍላሽ ላይ ነው፤ ፍላሽንም በ1980ዎቹ ዓመታት የፈለሰፉት በቶሺባ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ጃፓናዊው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ ናቸው። ስለዚህ ኤስ ኤስ ዲ ድምፅ አያሰማም፥ መንገጫገጭም አይጎዳውም፤ ፍጥነቱም ከሀርድ ዲስክ እጅግ ይበልጣል።

ከመግዛት በፊት የኮምፒዩተሩን መመሪያ ማንበብ ይገባል። አንዳንዱ ኮምፒዩተር የሚቀበለው ሳታ የተባለውንና በጠፍጣፋ ቤት ውስጥ ያለውን ነው፤ ሌላው ደግሞ ኤም 2 የተባለውን፥ ስፋቱ 22 ርዝመቱም ብዙውን ጊዜ 80 ሚሊሜትር የሆነውን ስስ ዐይነት ይቀበላል። ኤም 2ም ራሱ ሁለት ወገን ነው፤ መልካቸው ቢመሳሰልም አንዱ የሳታን፥ ሌላው የኤን ቪ ኤም ኢን ሥርዓት ስለሚከተል፥ የማይስማማውን የገዛ ሰው ዕቃውን ይዞ ወደ ሱቅ ይመለሳል። ማከማቻቸው ከሰሌዳው ጋር ተበይዶ የማይለወጥ ላፕቶፖችም አሉ።

አንድ ቴራባይት የተባለውን ገዝታችሁ ዊንዶውስ 931 ጊጋባይት ብሎ ቢያሳያችሁ ሻጩን አትክሰሱ፤ ፋብሪካው በ1000፥ ዊንዶውስ ግን በ1024 ስለሚቆጥር ነው። እውነተኛው ማታለል ሌላ ነው። በጣም ርካሽ በሆነ ዋጋ 16 ቴራባይት ይይዛል ተብሎ የሚሸጥ ትንሽ የውጭ ዲስክ፥ ቁጥሩ ተለውጦ የተጻፈበት ሊሆን ይችላል፤ ከእውነተኛው መጠኑ በላይ የተጻፈበት ሁሉ ይጠፋል። ኤፍ 3ን የመሰሉ ነጻ ፕሮግራሞች ይህን ይመረምራሉ።

«ኤስ ኤስ ዲ በመጻፍ ብዛት ያልቃል» የሚለው ሥጋት ከመጠን ያለፈ ነው። ለምሳሌ ለሳምሰንግ 870 ኤቮ፥ ባለ 1 ቴራባይቱ፥ ፋብሪካው ዋስትና የሰጠው እስከ 600 ቴራባይት ለሚደርስ ጽሕፈት ነው። በቀን 20 ጊጋባይት የሚጽፍ ቤተ ሰብ ይህን ለመጨረስ 82 ዓመት ያህል ያስፈልገዋል። ነገር ግን ማናቸውም ዲስክ በሌላ ምክንያት በድንገት ሊሞት ይችላል፤ ስለሆነም ከዲስኩ ዕድሜ ይልቅ የሚያስተማምነው ግልባጭ ነው።

ግልባጭ የሚለውን ቃል የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከዋናው ደብዳቤ ጋር አንድ የሆነ ሁለተኛ ጽሑፍ ማለት ነው። በዚህ ሥራ ሁለት ግልባጭ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው፥ ፎቶግራፎቹንና ሰነዶቹን ከሁሉ አስቀድሞ በሌላ የውጭ ዲስክ ላይ መገልበጥ ነው። ሁለተኛው፥ አዲሱን ዲስክ በዩ ኤስ ቢ ማገናኛ አያይዞ፥ ክሎንዚላን በመሰለ ፕሮግራም የአሮጌውን ዲስክ ይዘት በሙሉ ማዛወር ነው። ዋናው አደጋ ያለው በዚህ ላይ ነው። ፕሮግራሙ «ከየት» እና «ወደ የት» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን ያገላበጠ ሰው፥ ባዶውን በሙሉው ላይ ገልብጦ የዓመታት መዝገብ በራሱ እጅ ይደመስሳል። የመጀመሪያው ግልባጭ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። የሁለቱን ዲስኮች ስምና መጠን በወረቀት ጽፎ፥ ሁለት ሰው ሆኖ እያነበቡ ማረጋገጥም አያሳፍርም።

ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ እንደ ሆነ 48 አሐዝ ያለውን መክፈቻ ጻፉ፤ ከመገልበጡም በፊት መቆለፊያውን ፍቱ። መብራት በመካከል ቢቋረጥ ሥራው ስለሚበላሽ፥ ላፕቶፕ ባትሪው ሞልቶ ይሰካ፤ ለጠረጴዛ ኮምፒዩተርም ዩ ፒ ኤስ ይዘጋጅ።

የመግጠሙ ሥራ ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነው። ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ከኤሌክትሪክ መንቀል፥ የላፕቶፕም ከሆነ የባትሪውን ማያያዣ ማላቀቅ፥ በእጅ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ዲስኩን እንዳይጎዳ አስቀድሞ ብረት መንካት፥ ኤም 2ን ሰያፍ አድርጎ አስገብቶ በቀስታ መጫን፥ ብሎኑንም ሳያጠብቁ ማሰር ነው። ብሎኗ እጅግ ትንሽ ስለሆነች በሳሕን ላይ ትቀመጥ።

ኮምፒዩተሩን መጀመሪያ ስታስነሡ አሮጌው ዲስክ ተነቅሎ ይቆይ፤ ሁለት አንድ ዐይነት ዲስኮች በአንድነት ሲገኙ ዊንዶውስ ይደናገራል። የተጨመረውም ቦታ ሳይታይ ቢቀር አትደንግጡ። ቦታው ገና ያልተመደበ ሆኖ በዳር ተቀምጧል፤ ብዙ ጊዜም የዊንዶውስ መጠገኛ የሆነች ትንሽ ክፍል በመካከል ገብታ መንገዱን ትዘጋለች። ጂፓርትድ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ይህችን ክፍል ወደ ዳር አዛውሮ ዋናውን ክፍል ማስፋት ይቻላል።

አሁን ወደ አሮጌው ዲስክ እንመለስ። ብዙ ሰው በዚያው ቀን ሊደመስሰው ወይም ሊሸጠው ይቸኩላል። እኛ ግን ቢያንስ አንድ ወር ሳይነካ እንዲቀመጥ እንመክራለን። በዚህ ወር ውስጥ ከየዓመቱ ጥቂት ፎቶግራፎችን፥ ሰነዶችንና ፊልሞችን እየከፈታችሁ ተመልከቱ፤ የፋይሉ ስም መታየቱ ውስጡ ደኅና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንምና። ከዚህ በኋላ አሮጌው ዲስክ የግልባጭ ማስቀመጫ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል፤ ነገር ግን ኤስ ኤስ ዲ ያለ ኤሌክትሪክ ለዓመታት ከተጣለ የጻፈውን ሊረሳ ስለሚችል፥ አልፎ አልፎ ይሰካ።

ለሌላ ሰው የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ፋይሎቹን መሰረዝ ብቻ አይበቃም። በኤስ ኤስ ዲ ላይ አዲስ ነገር ደርቦ መጻፍ እንኳ ሁሉን ክፍል አያዳርስም፤ ስለዚህ ፋብሪካው ባዘጋጀው የማጥፊያ ትእዛዝ ማጽዳት ያስፈልጋል። ያለዚያ የመታወቂያው ምስል፥ የባንኩ ሒሳብና የቤተ ሰቡ ምስጢር ከዲስኩ ጋር አብረው ይሸጣሉ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በዚህ ሥራ የፈሰሰው ግን ሁልጊዜ አይለቀምም። ማንም ብልህ የመዝገብ ቤት ሹም አዲሱ መደርደሪያ መሙላቱን ሳይመረምር አሮጌውን አያስወግድም። የቤት መዝገብ የሚጠብቁ ባልና ሚስትም ይህንኑ ደንብ ቢከተሉ፥ ሰፊ ማከማቻ ከማግኘታቸው በላይ፥ ለልጆቻቸው ሳይጎድል የሚያስረክቡት ታሪክ ይኖራቸዋል።