የፔንሲልቬንያ ምክር ቤት ሕንፃና የዕቃው ሒሳብ

ስለ አንድ ታላቅ የመንግሥት ሕንፃ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ማን ሠራው፥ መቼ ተመረቀ፥ ቁመቱስ ስንት ነው የሚለው ነው። ሒሳቡን ማን ፈረመ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኛ ዛሬ ከዚህ ከኋለኛው ጥያቄ ብንነሣ፥ ይልቁንም በየመሥሪያ ቤቱ ብዕር ለያዙት ወጣት አንባቢዎቻችን የሚጠቅም ይመስለናል። ለዚህም በአሜሪካ የፔንሲልቬንያን ግዛት ምክር ቤት መርጠናል።

በዋና ከተማዋ በሃሪስበርግ የነበረው የቀድሞው ሕንፃ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1897 በእሳት ጋየ። እንደራሴዎቹም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለመሰብሰብ ተገደዱ። ለአዲሱ ሕንፃ በመጀመሪያ የተመደበው 550 ሺህ ዶላር ብቻ ስለ ነበረ፥ መሐንዲሱ ሚስተር ሄንሪ አይቭስ ኮብ የጀመሩት ሥራ ሳያልቅ ቀረ፤ ጡቡ ያፈጠጠው ግድግዳም ምክር ቤት ሳይሆን ፋብሪካ ይመስል ነበር። በ1901 ዓ.ም. እንደገና ውድድር ወጣና የፊላዴልፊያው መሐንዲስ ሚስተር ጆሴፍ ሂውስተን አሸነፉ። ለሕንፃው የተፈቀደው ገንዘብ 4 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ሥራው ያማረ መሆኑን ማንም አይክድም። 272 ጫማ ከፍታ ያለው ጉልላት በሮማ የሚገኘውን የቅዱስ ጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን ጉልላት አርአያ አድርጎ የተነሣ ሲሆን አረንጓዴ ሸክላ ለብሷል። ወለሉ ላይ ሚስተር ሄንሪ መርሰር የግዛቲቱን ታሪክ፥ የሠራተኛውን ኑሮና እንስሳውን ሳይቀር በሸክላ ሥዕል አሳይተውበታል። የአገረ ገዢውን የእንግዳ መቀበያ ክፍል በሥዕል ያስጌጡት ሚስ ቫዮሌት ኦክሊ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ትልቅ የመንግሥት ሥራ ለሴት ሠዓሊ መሰጠቱ በዚያን ዘመን ብርቅ ነበር። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ኦክቶበር 4 ቀን 1906 ተገኝተው ሕንፃውን መረቁ።

በዚያው ዓመት ግን ሚስተር ዊልያም ቤሪ የሚባሉ አዲስ የግዛቲቱ ገንዘብ ያዥ መዝገቡን ገልጠው ይመረምሩ ነበር። ሕንፃው 4 ሚሊዮን ሲፈጅ የውስጡ ዕቃና ጌጥ ከዚያ እጥፍ በልጦ፥ ጠቅላላው ወጪ ወደ 13 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ አገኙት። ዘዴው ረቂቅ ነው። ብዙው ዕቃ የተገዛው አንዱ ይህን ያህል ያወጣል ተብሎ ሳይሆን በጫማ ልክና በፓውንድ ክብደት ነበር። መብራቱ በከበደ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል ማለት ነው! በ125 ዶላር ሊገኝ የሚችል የሊስትሮ መቀመጫ በጫማ ልክ ተሰልቶ 1,619 ዶላር ተከፍሎበታል።

ምርመራና ክስ ተከተለ። ተቋራጩ፥ የቀድሞው ዋና ሒሳብ መርማሪ፥ የቀድሞው ገንዘብ ያዥና የሕንፃው ሹም ተፈረደባቸው። ሚስተር ሂውስተንም በ1911 ወኅኒ ወረዱ።

እኛን እጅግ ያሳሰበን፥ በዚህ ሁሉ ውስጥ ግምጃ ቤት ሰብሮ የገባ ሌባ አለመኖሩ ነው። ገንዘቡ የወጣው በደረሰኝና በፊርማ ነው። እንዲህ ያለ ሒሳብ ደግሞ ከብዙ ሰው ጠረጴዛ ላይ ሳያልፍ አይከፈልም። መብራት በሚዛን የሚገዛው ስለ ምንድን ነው ብሎ ለመጠየቅ ምን ያህል ትምህርት ያስፈልግ ነበር? ሚስተር ቤሪ ያደረጉት ይህንኑ መጠየቅ ነው።

ሕንፃው ከበደሉ ጋራ አብሮ አልተጣለም። በ1982 የወጣ ሕግ ጥበቃውን ለአንድ ኮሚቴ ሰጠ፤ ከዚያ ወዲህ ሥዕሎቹ ከጥቀርሻቸው ጸድተዋል፥ የመርሰር ወለልም ተጠግኗል፥ ጥንታውያኑ ሰዓቶችም በየሳምንቱ እየተሞሉ ይሠራሉ። በ2006፥ ማለት በተመረቀ በመቶኛው ዓመት፥ ሕንፃው ከአገሪቱ ታሪካዊ ቅርሶች መካከል ተመዘገበ። ሒሳቡ ያስከሰሰው ዕቃም ዛሬ እንደ ቅርስ እየታደሰ ይጠበቃል። አስጎብኚዎቹ ለእንግዳ መብራቶቹን ሲያሳዩ ፓውንዱ ስንት እንደ ተከፈለበት ጨምረው ቢነግሩት እንወዳለን።