ጎማህን ራስህ ለጥፍ!

የኤፍራታና ግድም ልጅ፣ ስማኝማ! አንቺም እህቴ! ብስክሌታችን በተነፈሰች ቁጥር ጎሚስታ ጋ የምንሮጠው እስከ መቼ ነው?

«ምን አለበት? ከፍዬ አሠራለሁ» ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ፣ ለጎሚስታው እንጀራው ነው። ግን እሱ ያለው ከተማ ነው። አንተን የግራር እሾህ የሚያገኝህ ደግሞ ማሳ ዳር፣ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት ነው። ያኔ ብስክሌቷ አንተን መሸከሟ ቀርቶ አንተ እሷን ትሸከማለህ።

ሥራው ተአምር የለውም። ጎማውን በማንኪያ እጀታ ፈልቅቀህ ካላማዳሪውን አውጣ። ንፋውና ውኃ ውስጥ ንከረው፤ አረፋ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። አድርቀህ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገውና ማስቲሽ ቀባው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ማስቲሹ እርጥብ እያለ ይለጥፋል። ትንሽ ጠብቅ፣ ደረቅ ሲል ለጥፈህ በደንብ ተጫነው። ከመመለስህ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣትህ ቀስ ብለህ ዳብስ። እሾሁ እዚያው ካለ መልሶ ይወጋዋል።

ካቴና ማጽዳት፣ ዘይት መቀባት፣ ፍሬን ማጥበቅም የቤት ሥራ ነው። ቸርኬ ሲጣመም፣ ብረቱ ሲሰበር ግን ለባለሙያው ተወው። ያለ መሣሪያ መነካካት ኪሳራ ነው።

እውነቱን እንነጋገር። ብዙዎቻችን ይሄን የማንሠራው ከብዶን አይደለም። ዲግሪ ይዘን እቤት የተቀመጥን ብዙ ነን፣ እኔም አንዱ ነኝ። «ተምሮ ተምሮ ጎማ ለጣፊ ሆነ» እንዳንባል እንፈራለን። ይሄ ፍርሃት የመጣው አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን ሲሰድብ ከኖረው አፍ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም እኛ የተማርነው በእጃችን ዘይት ሲነካው እናፍራለን!

አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል ሱቁም ዕቃውም ነደደ። በሰው እጅ ላይ ያለ ሙያ ግን አልነደደም። ከአመዱ ላይ ቆርቆሮ መልሶ የመታው፣ በር መልሶ የገጠመው እሱ ነው።

ስለዚህ ወገኔ፣ ማስቲሽ፣ ሁለት ማንኪያና አንድ ፓምፕ ቤትህ ይኑር። ጎሚስታው ጋ ስትሄድም ስልክህን አስቀምጥና እጁን እይ፣ ጠይቀው። ያወቅኸውን ለታናሽህ አሳየው።

በሥራ ማፈር ይብቃን!