በረሃ ቤት ይሆናልን?

በአማርኛ ንግግራችን በረሃ የሚለው ቃል ከቤት ጋራ ተስማምቶ አያውቅም። «እገሌ በረሃ ወረደ» ሲባል ከዘመዱና ከሕግ ተለይቶ ሸፈተ ማለት ነው፤ «በረሃ ቀረ» ሲባልም መመለሻው አይታወቅም ማለት ነው። ደገኛ ወደ ቆላ የሚወርደው ነግዶ ወይም የመንግሥት ሥራ ሠርቶ ሊመለስ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ፣ በቆላ ከተማ ተወልዶ ያደገው ልጅ እንኳ «አገርህ የት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የተወለደበትን መንደር ትቶ አባቱ የመጣበትን ደጋ ይጠራል። በክፍላችን ውስጥ ይህን የማያደርግ ስንቱ ነው? የዚህ ጽሑፍ አሳብ፣ በበረሃ የምንኖር ሰዎች የመንገደኛነትን ኑሮ ትተን እንደ ባለቤት መቀመጥ ይገባናል የሚል ነው። ይህንን ያስተማረን የኮሮና ወረርሽኝ ነው ብል፣ አንባቢ ሆይ፣ እንግዳ ነገር አይምሰልህ።

ሎግያ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ የተዘረጋች ከተማ መሆኗን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ነገር ግን መጽሔታችን ወደ ሌላም አገር ይደርስ ይሆናልና ጥቂት ልናገር። የአገራችን የውጭ ንግድ ዕቃ አብዛኛው በዚህ መንገድ ያልፋል። ስለዚህ ከተማዋ የምትተዳደረው በሚያልፍ ሰው ነው፤ የምግብ ቤቱ፣ የአልጋ ቤቱ፣ የጎሚስታውና የሻይ ቤቱ ዐይን ሁሉ ወደ ጎዳናው ነው። ሹፌሩ አንድ ሌሊት አድሮ ይሄዳል። የመንግሥት ሠራተኛው ዝውውሩን ይጠብቃል። ነጋዴውም «ጥቂት ልያዝና» እያለ ሃያ ዓመት ይቀመጣል፤ ሃያውንም ዓመት ሻንጣው ከአልጋው ሥር አልወጣም።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ከ40 ዲግሪ ማለፉ ለእኛ ወሬ አይሆንም። በክልላችን ሰሜን በምትገኘው በዳሎል እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይኸውም ሌሊቱም፣ ቀዝቃዛው ወራትም ተደምሮ ማለት ነው። የእኛ ከተማ እዚያ ድረስ ባትደርስም የዚያው ምድር ልጅ ናት።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። ከሦስት ቀን በኋላም ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ። እኔ ያን ጊዜ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ አውቶቡስም በግማሽ ብቻ እንዲጭን ተደረገ። ጎዳናችን ግን ሊዘጋ የማይችል ጎዳና ነውና የጭነት መኪናዎቹ ነዳጅና ማዳበሪያ ጭነው ማለፋቸውን አላቋረጡም። ከጅቡቲ በኩል የሚመለሱ ወገኖቻችንም በሰመራ ለይቶ ማቆያ ይገቡ ነበር። እንግዲህ እኛ በሽታው ከሚያልፍበት መንገድ ዳር ተቀምጠን «ከቤት አትውጡ» ተባልን።

ምክሩ መልካም ነበረ። ነገር ግን ምክሩን የሰጡት ሰዎች ቤት ሲሉ በልባቸው ያሰቡት የትኛውን ቤት ነው? የከተማችን ቤት ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ ነው፤ ብዙ ጊዜ ኮርኒስ የለውም፤ መስኮቱም ሌባ እንዳያስገባ ተብሎ የጠበበ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ጣራው እንደ ምጣድ ይግላል፤ ሙቀቱንም በታች ላለው ሰው ራስ ላይ ያወርደዋል። ከዚያ በፊት ይህን ማንም ልብ አላለውም ነበር፤ ስለ ምን ቢሉ ቀን ቀን በቤቱ ውስጥ የሚውል ሰው አልነበረምና ነው። አባት ሥራ፣ ልጅ ትምህርት ቤት፣ እናት ገበያና ጥላ ሥር ይውላሉ። ቤቱ ዕቃ የሚቆለፍበት ሣጥን ነበር። ወረርሽኙ በመጣ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው በሣጥኑ ውስጥ እንዲውል ተጠየቀ። «ኮሮናው ሳይደርስ ቆርቆሮው ጨረሰን» የሚለው የመንደራችን ቀልድ የወጣው ያን ጊዜ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉም «ቀን እስኪያልፍ» ይል ነበር። ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ዘመድ ያለው ቤተሰቡን ጭኖ ወጣ። የቀረነው ደግሞ እንደ ተሳፋሪ ተቀምጠን አውቶቡሱ እስኪነሣ እንጠብቅ ጀመር። አውቶቡሱ ግን አልተነሣም። ሚያዝያ አለፈ፤ ግንቦት ገባ፤ ሰኔም መጣ። ትምህርቱ በራዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጣል ቢባልም መብራት ሲጠፋ መምህሩም አብሮ ይጠፋል። ሰው መጠበቅ ሲሰለቸው ዙሪያውን መመልከት ይጀምራል፤ እኛም ተመለከትን።

ከቤታችን ጀርባ አንዲት የአፋር ባልቴት ከልጆቻቸው ጋራ በደቦይታ ይኖራሉ። ደቦይታ ማለት ከቀጫጭን እንጨት ጎብጦ የሚተከልና በዘንባባ ሰሌን የሚለበስ ቤት ነው፤ የሚሠሩትም ሴቶች ናቸው። አንድ ቀን በቀትር እናቴ በላብ ተጠምቃ ደጃፍ ላይ ብታገኛቸው «ልጄ፣ ይህ ቤትሽ ለዕቃ የተሠራ ነው፤ ሰው የት ይገባል?» አሏት። እናቴም «እውነትዎን ነው እማማ፤ እኛ እንኳ አሁን ገና መግባታችን ነው» አለቻቸው። ያን ቀን ከእርሳቸው ዘንድ ገብተን ተቀመጥን፤ በእርግጥ ተራርቀን። ነፋስ በሚነፍስበት በኩል ሰሌኑ ከሥሩ ተገልጦ ነበርና ነፋሱ በቤቱ ውስጥ ያልፍ ነበር። ሰሌኑ እንደ ቆርቆሮ ፀሐይን ይዞ አያቆይም። ዐቧራ በተነሣ ጊዜ ይወርዳል፤ ሲበርድ ይደረባል። ይህ ቤት በእውነቱ ይከፈታል፤ የእኛ ቤት የሚያውቀው መዘጋት ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ በቤታችን የተደረገውን ልዘርዝር፤ ትንሽ ነገር ቢመስልም ኑሯችንን የለወጠ ነውና። እናቴ ሰሌን ገዝታ ከቆርቆሮው በታች አንድ ክንድ ያህል ዝቅ አድርጋ ወጠረችው፤ በጣራውና በሰሌኑ መካከል ነፋስ እንዲያልፍም ከግድግዳው ጫፍ ላይ ሁለት ቆርቆሮ አስነቀለች። አባቴ ይህን ያየ ጊዜ «ቤቱን አፈረሳችሁት» ብሎ ነበር፤ ማታውን ግን ከሁሉ በፊት ገብቶ የተቀመጠ እርሱ ነው። ምድጃው ወደ ግቢ ወጣ። በግቢው ዳስ ተጣለ። የሚጠጣው ውሃ በጀሪካን ሆኖ በረጠበ ጆንያ ተጠቅልሎ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ተቀመጠ። ይህን ብልኀት የጭነት መኪና ሹፌሮች ድሮ ያውቁታል፤ የጆንያው ውሃ እየተነነ ሲሄድ ሙቀቱን ከጀሪካኑ ይወስዳል፤ አየሩም ደረቅ በሆነ መጠን የበለጠ ያቀዘቅዛል። በሳይንስ ክፍል ስለ ትነት የተማርነው ትምህርት ይኸው ነበር፤ ነገር ግን በመጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል ድስት እንጂ ጀሪካን ስላልነበረ ማንም አላገናኘውም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሰዓቱ ነገር ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተን እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ሥራችንንና ጥናታችንን ከጨረስን፣ ከዚያም እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ ዐርፈን፣ ማታ እንደ ገና ከተነሣን ቀኑ ሁለት ቀን ይሆናል። አርብቶ አደሩ ከብቱንና ግመሉን የሚያንቀሳቅሰው በዚሁ ሥርዓት ነው። የደጋውን ሰዓት ተሸክሞ ወደ ቆላ የወረደ ሰው በ7 ሰዓት ደብተር ላይ ሲተኛ «በረሃ ያሰንፋል» ይላል። ያሰነፈው በረሃው ነውን? ወይስ ሰዓቱ?

እዚህ ላይ ስለ ዳጉ ሳልናገር አላልፍም። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ያዩትንና የሰሙትን በሥርዓት ይነጋገራሉ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ በሽታ፣ ስለ ሰላም ይጠያየቃሉ። ይህ ዳጉ ይባላል፤ ወሬውንም አጣርቶ ማቀበል ግዴታ ነው። በወረርሽኙ ጊዜ በስልክ የሚመጣው ወሬ፣ ነጭ ሽንኩርት ያድናል፣ ሙቀት ያለበት አገር አይደርስም የሚለው ሁሉ፣ ምንጩ አይጠየቅም ነበር። ዳጉ ግን «አንተ ራስህ አይተሃልን? ከማን ሰማህ?» ብሎ ይጠይቃል። እጅ መጨባበጡ ቀርቶ በአራት እርምጃ ርቀት ቆመው ዳጉ ሲለዋወጡ ያየሁአቸው ሽማግሌዎች፣ የዓለም ጤና ድርጅት የሚለውን ርቀት ጠብቀው የአባቶቻቸውንም ሥርዓት አላፈረሱም።

በሰኔ 2012 በየደጃፉ የእጅ መታጠቢያ በርሜል ቆሞ ነበር። አንዳንድ ሰዎች ከበርሜሉ ሥር ኒም ተከሉ፤ ውሃው እንዲያው ፈስሶ ከሚቀር ይጠጣው በማለት ነው። ያ ኒም ዛሬ ከቤቱ ጣራ በላይ ሆኗል። ያልተከለው ሰው ደጃፍ ዛሬም ራቁቱን ነው። ከተማችን ስንት ዓመት ሙሉ ዛፍ ያልነበራት ውሃ ስላልነበረ ብቻ ነው ለማለት ይቻላልን? ዛፍ የሚተክል ሰው ዛፉ ሲያድግ እዚያው እንደሚኖር የሚያስብ ሰው ነው፤ እንዲህ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነበረ።

ነገር ግን መትከልም ማጠራቀምም ዕውቀት እንዲጠይቅ አልክድም። ፕሮሶፒስ የተባለው ዛፍ ወደ አፋር የገባው በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ነበር፤ ዛሬ ግጦሹን ወሮ እሾኹ ከብቱንም እረኛውንም ያስለቅሳል። በወረርሽኙ ጊዜ በየቤቱ የለመድነው ውሃ ማጠራቀምም እንዲሁ ሌላ ጣጣ አምጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን ዓለም አቀፍ የአደጋ ጊዜ ማብቃቱን የተናገረው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ወራት ግን በሎግያና በሚሌ የዴንጌ ትኩሳት ተነሥቶ ነበር። የዴንጌ ትንኝ የምትራባው በረግረግ ሳይሆን በየቤታችን ባለው ክዳን በሌለው በርሜልና በተጣለ ጎማ ውስጥ ነው፤ የምትነክሰውም በቀን ነው። ለአንዱ በሽታ እጃችንን የምንታጠብበት በርሜል ለሌላው በሽታ ማሳደጊያ እንዳይሆን አንድ ክዳን ብቻ ይበቃው ነበር።

«ይህ ሁሉ ለምን? ኤር ኮንዲሽነር ከተገዛ ያበቃ የለምን?» የሚል ይኖራል። የሚገዛ ይግዛ፤ አልቃወምም። ነገር ግን መብራት በሚጠፋበት ቀትር ያ ቤት ከሁሉ ይልቅ የጋለ መሆኑን የጎበኘ ሰው ያውቀዋል። ሌላውም «አፋር ራሱ ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚዘዋወር ሕዝብ ነው፤ መቀመጥን ከተዘዋዋሪ እንማራለንን?» ይለኛል። ይህ ጥያቄ ብዙ አሳስቦኛል። የማየው ግን እንዲህ ነው፤ እርሱ ደቦይታውን በግመል ጭኖ ሲሄድ ቤቱን ይዞ ይሄዳል፤ በደረሰበት ሁሉ ባለቤት ነው። እኛ በድንጋይ መሠረት ላይ ተቀምጠን ልባችን አውቶቡስ ተራ ይውላል። በነሐሴ 2012 ዐዋሽ ሞልቶ በአሳይታና በዱብቲ ብዙ ሰው ከቤቱ ያፈናቀለ ጊዜም ያዘንኩት ለዚህ ነው፤ እኛ ቤት መቀመጥ ሰለቸን ስንል የሚቀመጥበት ቤት የተወሰደበት ሰው ነበረ።

ወደ ትምህርት ቤታችን ልመለስ። ትምህርት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደረጃ በደረጃ ሲከፈት በአንድ ክፍል የሚቀመጠው ተማሪ ቁጥር ተቀንሶ፣ በፈረቃ እየገባን፣ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ ነበር። ያን ጊዜ ከቀድሞው ይልቅ መማር ይቻል እንደ ነበር የሚመሰክሩ ብዙ ናቸው። ወረርሽኙ ሲረሳ ግን መስኮቱም ተዘጋ፣ የተማሪውም ቁጥር ተመለሰ፣ ቆርቆሮውም በላያችን ላይ ብቻውን ቀረ። እኔና ጓደኞቼ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን እንሄዳለን፤ አብዛኞቻችንም ደጋ ወዳሉ ዩኒቨርሲቲዎች እንመደብ ይሆናል። ነገር ግን የምንቀመጥበት ክፍል በመጪው ዓመት የሌሎች ነው።

ስለዚህ ግንቦት ሳይገባ ሦስት ነገር ቢደረግ ብዬ አሳስባለሁ። የመጀመሪያው፣ ከሁሉ ይልቅ በሚግለው በምዕራብ በኩል ባለው ሕንፃ ከቆርቆሮው በታች ሰሌን ይወጠር፤ ሰሌኑም በዋጋው ከሠሪዎቹ ከሴቶቹ ይገዛ እንጂ በስጦታ አይለመን። ሁለተኛው፣ በሙቀቱ ወራት የማለዳው ትምህርት በአንድ ሰዓት ቀድሞ ይጀመር። ሦስተኛው፣ ከመጸዳጃው አጠገብ ያሉት አራቱ በርሜሎች ክዳን ይሠራላቸው፤ ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ከግቢው ጀርባ የተጣለው ቆርቆሮ ይበቃል። እኔና የክፍሌ ልጆች በርሜሎቹን ለክተናል። መቀስ ያለውና በቅዳሜ ጠዋት ሊረዳን የሚወድ ተማሪ ከ12 ሰዓት ጀምሮ ከበሩ አጠገብ ባለው ኒም ሥር ያገኘናል።