በስተእርጅና በውሃ ላይ መቆም



«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ በቤታችን ከምሳሌነት አልፎ እንደ ሕግ ሆኖ ኖሯል። ይኸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ታላቅ ወንድማችን በ12 ዓመቱ፣ በነሐሴ ወር፣ በመንደራችን አጠገብ የሚያልፈው ወንዝ ሞልቶ ሳለ ሊሻገር ገብቶ በዚያው ቀርቷል። በዚያን ጊዜ እኛ 8 ዓመታችን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ውሃ አልቀረብንም፤ ልጆች ከወለድንም በኋላ እነርሱን አላስቀረብንም። ይህንንም ጥንቃቄ ብለን እንጠራው ነበር።

ዕድሜያችን 61 ዓመት በሞላ ጊዜ ሴት ልጃችን ቤተ ሰቡን ሁሉ ሰብስባ በቢሾፍቱ ወዳለው ወደ ባቦጋያ ሐይቅ ወሰደችን። የ9 ዓመቱ የልጅ ልጃችን ከዳር ቆሞ ሲመለከት፣ እኩዮቹ «ለምን አትገባም?» ቢሉት፣ «አባባ ውሃ ሰው ይበላል ብለዋል» ሲል መለሰላቸው። ይህን ስንሰማ ደነገጥን። ልጁ መዋኘት አያውቅም፤ ከእኛ የወረሰው መፍራትን ብቻ ነው፤ ፍርሃት ደግሞ በድንገት ውሃ ውስጥ የወደቀውን ልጅ ሊያወጣው አይችልም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደገመተው፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. በመላው ዓለም 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ከእነዚህም ሩብ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ነበር። ድርጅቱ ከሚመክራቸው መከላከያዎች አንዱ ለትምህርት የደረሱ ልጆችን መዋኘት ማስተማር ነው።

በዚያው ሰዓት በሐይቁ ላይ ሰዎች በሰሌዳ ላይ ቆመው ሲቀዝፉ ይታዩ ነበር። የልጅ ልጃችንም በጣቱ እያመለከተ፣ «አባባ፣ እርስዎ እዚያ ላይ ከቆሙ እኔም መዋኘት እማራለሁ» አለን። ቃል ሰጠን።

ይህ ሰሌዳ ፓድልቦርድ ይባላል። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ብዙው በአየር የሚነፋ ነው። በጣና የደንገል ታንኳ ሲቀዘፍ ያየ ሰው ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። ዛሬ የሚታወቀው ልማድ ግን የመጣው ከሃዋይ ደሴቶች ነው፤ በዋይኪኪ ዳርቻ ማዕበል መጋለብን የሚያስተምሩ ሰዎች፣ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ፣ በሰሌዳ ላይ ቆመው እየቀዘፉ ተማሪዎቻቸውን ይጠብቁ ነበር።

እኛ ግን በቀጥታ ወደ ሐይቁ አልገባንም። ባቦጋያ በጥንታዊ የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ፣ ጥልቀቱም 65 ሜትር የሚደርስ ሐይቅ ነው። ስለዚህ አስቀድመን 4 ወር ያህል በመዋኛ ገንዳ መንሳፈፍንና ጥቂት መዋኘትን ተማርን። ከዚያ በኋላ በአንድ ጧት ለአንድ የ22 ዓመት ወጣት መምህር ተማሪ ሆነን ቀረብን። ወጣቱም የሚያንሳፍፈውን ሰደርያ አስለበሰን፤ የሰሌዳውንም ገመድ ከቁርጭምጭሚታችን ጋር አሰረው፤ ሰው ቢወድቅ ሰሌዳው ተንሳፍፎ እንዳይርቅበት ነው።

በመጀመሪያ ተንበርክከን ቀዘፍን፤ ቀጥሎ ስንነሣ ጕልበታችን ተንቀጠቀጠና ወደቅን። በዚያ ጧት ሰባት ጊዜ ወድቀናል። በሕይወታችን ሌላውን ማረም እንጂ መታረም ለቀረብን ሰዎች፣ ልጅ ልጃችን እያየ በልጅ መታረም ከውሃው ይልቅ ይከብድ ነበር። ወጣቱ ግን በትሕትና፣ «ጋሼ፣ እግርዎን አይመልከቱ፤ ማዶውን ይመልከቱ» ይለን ነበር። ነገሩ እውነት ነው፤ ወደ ታች የሚመለከት ሰው ራሱ ይከብደውና አካሉ ይጎብጣል። እግርን በትከሻ ስፋት ከፍቶ፣ ጕልበትን ሳያደርቁ ጥቂት አጥፎ፣ ሩቁን መመልከት ይገባል። ደግሞም ሰሌዳው ሲሄድ ይረጋል፤ ሲቆም ይናወጣል፤ ስለዚህ የፈራ ሰው ማድረግ የሚገባው መቅዘፉን መቀጠል ነው። አወዳደቅም ትምህርት አለው፤ ከሰሌዳው ርቆ በጠፍጣፋው መውደቅ፣ ከዚያም የመካከሉን መያዣ ይዞ፣ እግርን እያወራጩ በደረት መውጣት ነው።

በስምንተኛው ጊዜ ቆምን። የቀዘፍነው ከመቶ እርምጃ አይበልጥም፤ ልጁ ግን በዳር እያጨበጨበ ተከተለን።

በዚያ ቀን ማታ ከዚህ በፊት ያላደረግነውን አደረግን፤ የወንድማችንን ስም ለልጅ ልጃችን ነገርነው፤ ወንዙ እንዴት እንደወሰደውም አልደበቅነውም። ልጁም ጥቂት ዝም ብሎ፣ «መዋኘት ያስተማረው ሰው አልነበረም?» ሲል ጠየቀን። አልነበረም።

በእኛ ዕድሜ ያላችሁ አንባብያን ሆይ፤ ሰሌዳው ግድ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ሚዛን የሚያጸና እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ ግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር መቆምም መጀመሪያ ይሆናል። ወደ ውሃ የምትሄዱ ግን አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ፤ በሐይቁ የቢልሃርዝያ በሽታ መኖር አለመኖሩን ጠይቁ፤ ነፋስ ከዳር ወደ መካከል በሚነፍስበት ጊዜ አትግቡ፤ ብቻችሁንም አትሁኑ።

የልጅ ልጃችን ዛሬ የገንዳውን ወርድ ሳያርፍ ይሻገራል። የሞላ ወንዝ ሲያይ ግን አይገባም፤ የውሃን ኀይል ከሚያስፈራሩት ይልቅ የዋኘበት ያውቀዋልና። በቤታችሁም ልጆች ካሉ፣ ክረምቱ ሳይገባ አስጀምሯቸው።