ሃይላንዱን መልቀም ብቻ አይበቃም

ከሾላ ገበያ እስከ እንጦጦ ጫካ የወዳደቀው የውሃ ፕላስቲክ፣ በእኛ አጠራር «ሃይላንድ»፣ ተለቅሞ በኪሎ ይሸጣል። ትልቁ ገንዘብ ያለው ግን ከኪሎው በኋላ ነው። ቁልፉም ሙቀትን ማወቅ ነው።

ይህ ፕላስቲክ ፒኢቲ ይባላል። 75 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይለሰልሳል፤ የሚቀልጠው 250 ገደማ ላይ ነው። በመሃል፣ ከ120 ዲግሪ በላይ፣ ሙቀቱ ያጠነክረዋል፦ የተዘበራረቁት ሰንሰለቶች ይደረደራሉ፣ ክሪስታል ይሠራሉ፣ ግልጹ ፕላስቲክ ይነጣል።

ተፈጭቶ ክር ወይም አዲስ ጠርሙስ እንዲሆን መጀመሪያ በደንብ መድረቅ አለበት፤ እርጥበት ካለው ሲቀልጥ ሰንሰለቱ ይበጣጠሳል። በተለይ የአንገቱ ፍጭ ክሪስታል ሳይሠራ ትኩስ ማድረቂያ ከገባ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ ማሽኑን ይዘጋል።

ታዲያ ስንት ደቂቃ ይሙቅ? ናሙናውን በአንድ ዲግሪ ይዞ፣ የሚያወጣውን ሙቀት በካሎሪሜትር እየመዘገቡ፣ ክሪስታሉ ግማሽ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ መለካት ነው። ጊዜው እንደ ፕላስቲኩ ዓይነትና ቆሻሻ ስለሚለያይ የውጭ ቁጥር መቅዳት አያዋጣም።

ከእንጦጦ ግርጌ አምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ኮሌጅ አለ። ፋብሪካዎች ጥያቄውን ይዘው ይሂዱ፤ ተማሪዎችም የመመረቂያ ሥራቸው ያድርጉት። ያለዚያ ለቃሚው ጎንበስ ብሎ ያነሳውን ሌላው አትርፎበት ይሸጥልናል።