ቢጫ ካርድ የሚቆጥር ጠፋ

ይኸውላችሁ፣ የዋልያዎቹ ስም ዝርዝር ወጣ በተባለ ቁጥር ባህር ዳር ውስጥ የሚሆን ነገር አለ። ጣና ዳር፣ ጀበና ቡና ያለበት ጥላ ሥር፣ አምስት ስድስት ሰው አንድ ስልክ ላይ ያፈጣል። አንዱ ጮክ ብሎ ስም ያነባል፣ ሌላው በጣቱ ይቆጥራል። በረኛ ስንት፣ ተከላካይ ስንት እያለ እንዳይመስላችሁ። ቆጠራው «ከእኛ ስንት ገባ?» ነው።

አንድ ቀን እኔም እዚያው ተጥጄ ነበር። (ያለ ቡና አንድ አንቀጽ መጻፍ የማልችል ሰው ነኝ፣ ምን ላድርግ።) አንባቢው ጨርሶ «ሁለት ብቻ!» ሲል ጠረጴዛው ተንጫጫ። «የቀረባችሁ የትኛው ቦታ ላይ የሚጫወት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ዝም። ከዚያ አንደኛው፣ በታላቅ ወንድም ደግነት፣ «እህቴ፣ ኳስ እኮ እንደ ጋዜጣ አይደለም» አለኝ። ጋዜጠኝነት መማሬን ያውቃል። ያን ቀን መልስ አልሰጠሁትም። ዛሬ ልስጠው።

ወንድሜ፣ እናንተ «የምርጫ ክርክር» የምትሉት ነገር ክርክር አይደለም። የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነው። ይህን የምለው ደግሞ ከሸገር ወርጄ፣ ሐይቅ ዳር ዓሣ በልቼ፣ ፎቶ ተነሥቼ የምመለስ እንግዳ ሆኜ አይደለም። ያደግሁት ግሽ ዓባይ፣ የተማርኩት ፔዳ ነው። ባህር ዳር ከተማ ሲሸነፍ እራት የማይበላበት ቤት ልጅ ነኝ። ስለዚህ «የእኛን ልጆች ስለማትወጂ ነው» የሚለውን መልስ ከአሁኑ ኪሳችሁ ክተቱት።

እስቲ መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም.ን አስታውሱ። እዚሁ ባህር ዳር ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ያሸነፍንበት ቀን ነው። አማኑኤል ገብረሚካኤል፣ ጌታነህ ከበደ፣ አቡበከር ናስር፣ ሽመልስ በቀለ። አራት ጎል፣ አራት አግቢ። አንዳቸውም የባህር ዳር ከተማም የፋሲል ከነማም ተጫዋች አልነበሩም። ያን ማታ ግን የከተማው ባጃጅ ሁሉ ጡሩምባውን ሲነፋ አመሸ እንጂ «ከእኛ ማን አገባ?» ያለ አልሰማሁም። በሳምንቱ አቢጃን ላይ በኮትዲቯር 3 ለ 1 ተመርተን፣ ዳኛው ታመው ጨዋታው 80ኛው ደቂቃ አካባቢ ተቋርጦ፣ እንደምንም ወደ አፍሪካ ዋንጫ አለፍን። ያኔም የቆጠረ የለም። ቆጠራው የሚጀምረው ስንሸነፍ ነው። ስናሸንፍ ሁሉም የእኛ ነው፣ ስንሸነፍ «እነሱ» ይመጣሉ።

ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ከኬፕ ቨርዴ ጋር ስንጫወት አንድ ኳስ ማሳያ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ገና በ12ኛው ደቂቃ ያሬድ ባየህ በቀይ ካርድ ወጣ። ያሬድ ያኔ የፋሲል ከነማ ተከላካይ ነው። አጠገቤ የነበረው ልጅ «ዳኛው ነው! ዳኛው ተገዝቷል!» ብሎ ወንበሩ ላይ ቆመ። እሺ፣ ስሜት ነው፣ እኔም ጮኼያለሁ። በአራተኛው ቀን ከካሜሩን ጋር ገጠምን። ዳዋ ሆቴሳ በ4ኛው ደቂቃ ሲያገባ ቤቱ ሊፈርስ ደረሰ። መጨረሻው ግን 4 ለ 1 ሆነ። ያው ልጅ፣ ያው ወንበር ላይ፣ በገባብን ጎል ቁጥር «እሱን ደግሞ ማን መረጠው?» ይላል። «እሱ» ማለት ስሙ ከእኛ ሰፈር ስም የማይመስል ተጫዋች ነው። ኳሷ በእሱ በኩል ትምጣ አትምጣ ግድ የለውም።

ከኋላችን ግቢ አብሮኝ የተማረ ልጅ ተቀምጦ ነበር። የእሱም ስም ከእኛ ሰፈር ስም አይመስልም። ትከሻው ላይ የነበረውን ባንዲራ ቀስ ብሎ አጣጠፈና ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ሂሳቡን ከፈለ። ጨዋታው ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ያህል ይቀረዋል። በኋላ ስደውልለት «ራሴን አሞኝ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ኳስ ከእኛ ጋር አይቶ አያውቅም። ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1 የወጣንበትን የት ሆኖ እንዳየው እንኳ አላውቅም። እንግዲህ «ምን አለበት፣ የደጋፊ ወሬ ነው» የምትሉኝ ሰዎች፣ ይኼ ነው ያለበት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ፤ ኳስ አታውቅም እንዳልባል።

በረኛ እናንሣ። ነሐሴ 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ኬፕ ኮስት ላይ የጋናው ሙባረክ ዋካሶ ከሩቅ የመታት ኳስ ከበረኛችን እጅ አምልጣ ገባች፣ 1 ለ 0 ተሸነፍን። ከተማው ለአንድ ሳምንት ስለ በረኛ አወራ። «ለምን የእኛን ልጅ አልወሰዱም?» ይባል ነበር። የቱን ልጅ? በእነዚያ ዓመታት የባህር ዳር ከተማን ግብ ሲጠብቅ የነበረው ቤኒናዊው ሀሪሰን ሄሱ ነው። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ በረኛው ማሊያዊው ሚኬል ሳማኬ ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስም ለዓመታት በኡጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ ሲጠበቅ ኖሯል። ሁሉም ጎበዞች ናቸው፣ እኔም አጨብጭቤላቸዋለሁ። ግን ሒሳቡን እንሥራው፤ ክለቦቻችን በረኛ ከውጭ እያስመጡ ወጣቶቻችንን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ካስቀመጡ፣ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ በረኛ ከየት ይውለድ? ይኼ ጥያቄ ከባህር ዳር ከተማ ደጋፊ አፍ ቢወጣ ክብደት ነበረው፤ ምክንያቱም የራሱን ክለብ ይነካል። የራሱን ስለሚነካም አልወጣም።

ደግሞ ቆጠራ ከወደድን የሚቆጠር ነገር መቼ ጠፋ! ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፍን። ለ2014 የብራዚል ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነው፣ ሰውነት ቢሻው የሠሩት ያ ወርቃማ ቡድን ነው። ደስታው ሳይበርድ ወሬ መጣ፤ ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ስለነበረበት ያን ቀን መሰለፍ አልነበረበትም። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አመነ፣ ፊፋ ሦስት ነጥባችንን ወሰደ። እንደ እግዜር ፈቃድ ሆኖ ምድቡን በአንደኝነት ጨረስንና ናይጄሪያ ጋር ደረስን፤ ባንደርስ ኖሮ ግን ያን ትውልድ የሚቀብረው አንድ ያልተነበበ ወረቀት ነበር። እኔ ያኔ ገና ልጅ ነኝ፤ አባቴ ሬዲዮኑን ዘግቶ ሲወጣ አስታውሳለሁ። በዚህች አገር ስለ ተጫዋች ምርጫ እስከ ዛሬ ከተሠሩት ስህተቶች ሁሉ ውዱ ይኼ ነው፣ ከማንም ትውልድ ቦታ ጋር ደግሞ ምንም አያገናኘውም። የሰው ስም እያነበበ አያቱ የት እንደተቀበሩ የሚቆጥር ሞልቷል። ቢጫ ካርድ የሚቆጥር ነው የጠፋው።

ክርክር አቁሙ እያልኩ አይደለም። ስንፈልግ እንችልበታለንና! በ2016 ዓ.ም. ለፓሪስ ኦሊምፒክ የማራቶን ቡድን ሲመረጥ የተደረገውን ክርክር አስታውሱ። ቀነኒሳ በቀለ ይግባ አይግባ ተብሎ ታክሲው ሁሉ ተከፋፍሎ ነበር። እኔ «ይግባ» ባይ ነበርኩ። ለንደን ላይ በዚያ ዕድሜው 2ኛ ወጥቶ እንዴት ይቀራል? ሌላው ወገን ደግሞ «የፓሪስ ጎዳና ዳገት ነው፤ ኒውዮርክን የመሰለ ዳገት ላይ በ2:04:58 ክብረ ወሰን የሰበረው ታምራት ቶላ እያለ ለምን ተጠባባቂ ይሆናል?» ይል ነበር። ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ሲወጣ ታምራት ገባ። ነሐሴ 4 ቀን በ2:06:26፣ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ወርቁን አመጣ። ቀነኒሳ 39ኛ ሆነ። ተሸነፍኩ፤ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። የተሸነፍኩት ግን በሰዓት፣ በዳገትና በዕድሜ ተከራክሬ ነው። እንዲህ መሸነፍ ያኮራል።

ኳስ ላይ ስንደርስ ምን ነካን? ሩጫ ሰዓት አለው፣ ኳስ የለውም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ጥፋቱን ሁሉ ደጋፊው ላይ የማልጭነው። ዝርዝሩ ይወጣል፣ ምክንያቱ አይወጣም። መግለጫ ቢሰጥም አብዛኛውን ጊዜ «በወቅታዊ ብቃት የተሻሉትን መርጠናል» ከማለት አያልፍም። ብቃቱ በምን ተለካ? ማን ጨዋታቸውን አየ? ስንት ጊዜ? የተቀረው ልጅ ምን አሻሽሎ ይምጣ? እኛ ጋዜጠኛ ነን የምንለውም ብንሆን መግለጫው ላይ ተነሥተን ይህን ከመጠየቅ ይልቅ «ደጋፊው ምን ይጠብቅ?» የምትባለዋን የተለመደች ጥያቄ ጠይቀን ውኃችንን ጠጥተን እንወጣለን። ባዶ የተተወ ቦታ ደግሞ ባዶ ሆኖ አይቀርም፣ ሐሜት ይገባበታል። አሰልጣኙ «ግራ ተከላካዩን የቀየርኩት ወደፊት ሲሄድ ስለማይመለስ ነው» ቢል፣ ስለ መመለስና አለመመለስ እንከራከር ነበር። ሳይል ሲቀር ስለ ትውልድ ቀበሌ እንከራከራለን።

እኛ ይህን ስንቆጥር ደግሞ ስታዲየሙ ከእጃችን ወጣ። ከ50 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል የሚባለው፣ ኮትዲቯር ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. 2 ለ 1 የተሸነፈበት የእኛው ስታዲየም! መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 አሸነፈችን፤ ከዚያ ካፍ ደረጃውን አያሟላም አለና በወሩ ጋናን «በሜዳችን» ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ላይ ሆነ። ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍንበት ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.ስ? ሊሎንግዌ፣ ማላዊ። ዳዋና ሽመልስ ያገቡትን ጎል በባዕድ አገር ወንበር ፊት አክብረው ተመለሱ። ያ ጨዋታ ባህር ዳር ላይ ቢሆን ብላችሁ አስቡት። ስለ ወንበሩ፣ ስለ መልበሻ ክፍሉ፣ ስለ መብራቱ ስንት ሰው ጮኸ? «ከእኛ ስንት ገባ?» የሚለው ሰው «እኛ የት ገባን?» ብሎ አልጠየቀም።

(ስለ ሉሲዎቹ ምርጫስ? ማልታ ድረስ ሄዳ የተጫወተችው ሎዛ አበራ ስትመረጥም ሆነ ስትቀር ጣና ዳር አንድ ስኒ አይንኳኳም። ቢያንስ እነሱን የሚቆጥር የለም ብዬ ልጽናና መሰለኝ።)

ባለፈው ሳምንት እዚያው ጥላ ሥር ተመለስኩ። ያ ደግ ታላቅ ወንድምም ነበር። አንዲት ወረቀት ቀደድኩና «ስልክ ሳታዩ፣ አሥራ አንድ ሰው ከነቦታው ጻፉልኝ» አልኳቸው። ሳቁብኝ። አጥቂዎቹን ወዲያው ጻፉ፣ አማካይ ላይ ትንሽ ተጨቃጨቁ። የዘጌዋ ጀልባ ሞልታ ሄደች፣ ሦስተኛው ቡና ቀረበ። ስምንት ወንድ ሆነው አንድ ግራ ተከላካይ አጡ።