የማኅበሩ ድረ ገጽ በማን ስም ተመዝግቧል?

አንድ የገበሬ ማኅበር ምርቱን በጥሩ ዋጋ ለመሸጥ ጥሩ ምርት ማምረት ብቻ እንደማይበቃው የታወቀ ነው። ገዢው ምርቱ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳመረተው፣ እንዴት እንደታጠበና እንደደረቀ ማወቅ ይፈልጋል። የውጭ አገር ገዢ ደግሞ ይህን የሚያጣራው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከመድረሱ አስቀድሞ፣ በአገሩ ተቀምጦ በኢንተርኔት ነው። ስለዚህ ድረ ገጽ ለማኅበሩ እንደ ደጅ የሚቆጠር ነው። የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ሊያስቡበት የሚገባው ዋና ጥያቄም የደጁ ቁልፍ በማን እጅ ነው የሚለው ነው።

የቡናን ግብይት ብንመለከት ነገሩ ግልጽ ይሆናል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና ቡናም በዚያ በኩል እንዲያልፍ ከተደረገ በኋላ፣ ቡናው በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ ስለሚቀላቀል የአንዱን አምራች ቡና ከሌላው ለይቶ መከታተል አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ግን በቀጥታ ለውጭ ገዢ እንዲሸጡ ተፈቅዶላቸው ነበር። በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንና በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ከእነዚህ መካከል ናቸው። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ደግሞ ሌሎችም ቡናቸውን ከምንጩ ጋር እንዳለ የሚሸጡበትን መንገድ ስላሰፋ ውድድሩ በርትቷል። ከዚህም ሌላ፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀውና የሚጀመርበት ጊዜ ተደጋግሞ የተራዘመው የደን ጥበቃ ሕግ፣ ወደዚያ የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ በካርታ ላይ ተለይቶ እንዲታወቅ ይጠይቃል። የምርቱን ምንጭ በግልጽ ማሳየት የቻለ ማኅበር ከማይችለው የበለጠ ተደማጭነት ማግኘቱ አያጠራጥርም።

ድረ ገጽ ለማሠራት ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ የማኅበር ተወካይ፣ ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ መገናኛ፣ ከገርጂ እስከ ሲኤምሲ ባሉት ሕንፃዎች ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩ ድርጅቶችን ማግኘቱ አይቀርም። ወደ ጎሮ ሲወጣም ዊንጉ አፍሪካ፣ ራክሲዮና ሬድፎክስ የተባሉት ኩባንያዎች የመረጃ ማዕከሎቻቸውን የተከሉበት አይሲቲ ፓርክ ይገኛል። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት የእርሻ መሬት የነበረው ይህ የከተማይቱ ምሥራቃዊ ክፍል ዛሬ የሌላ ዓይነት ምርት ማከማቻ ሆኗል። የሙያተኛ እጥረት የለም። ችግሩ የሚጀምረው ክፍያ ላይ ነው።

ድረ ገጽ ሦስት ነገሮች አሉት። የመጀመሪያው ስሙ ነው፤ ስሙ ተመዝግቦ በየዓመቱ የሚታደስ ነው። ሁለተኛው ጽሑፉና ፎቶግራፉ የሚቀመጡበት በኪራይ የሚገኝ ቦታ ነው። ሦስተኛው ይዘቱ ነው። ስም የሚመዘግቡትና ቦታ የሚያከራዩት ኩባንያዎች አብዛኞቹ በውጭ አገር ያሉና ክፍያ በዶላር በካርድ የሚቀበሉ ናቸው። ብዙ ማኅበራት እንዲህ ያለ ካርድ የላቸውም። በመሆኑም ሠሪው በራሱ ወይም በወዳጁ ካርድ ይከፍልና ስሙን በራሱ ኢሜይል ያስመዘግባል። ማኅበሩ ገንዘቡን አውጥቶ፣ ምረቃውን አክብሮ፣ ይዞታው ግን በሌላ ሰው ስም ይሆናል። አረንጓዴ ደብተሩ በጎረቤት ስም የወጣን ማሳ አርሶ መዝራት ማለት ይኸው ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም።

ሠሪው ሥራ ቢለውጥ፣ አገር ቢለቅ ወይም የዓመቱን ክፍያ ቢረሳ ስሙ ይወድቃል። የወደቀን ስም ደግሞ ማንም ሊያነሳው ይችላል። በስሙ የተከፈተው ኢሜይልም አብሮ ይሄዳል። ስሙን ያነሳው ሰው በማኅበሩ አድራሻ ለገዢው ደብዳቤ ጽፎ ሌላ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ቢሰጥስ? ጉዳቱ በአንድ መኸር የተሰበሰበን የብዙ አባላት ድካም የሚያህል ሊሆን ይችላል። በተጨማሪም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ የዶላር ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ በመጨመሩ፣ በዶላር የሚከፈለው ኪራይ ለማኅበሩ ከባድ ሆኗል።

ይህን ለማቃለል የሚያስችል መንገድ በአገር ውስጥ አለ። በ«ነጥብ ኢቲ» የሚያልቀውን የኢትዮጵያ ስም የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ሲሆን፣ የድረ ገጽ ቦታም በብር ያከራያል። ማኅበሩ በራሱ ፈቃድና ማኅተም፣ በራሱ ስም ማስመዝገብ ይችላል። ይሁንና አንድ ነገር ሊጤን ይገባዋል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት ያህል እንደሆነው ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ጊዜ፣ አገር ውስጥ የተቀመጠ ድረ ገጽ ከውጭ ገዢ ዓይን ሊሰወር ይችላል፤ ውጭ የተቀመጠው ግን መታየቱን ይቀጥላል። ስለሆነም ዋና ገዢው ውጭ አገር የሆነ ዩኒየን ቦታውን ውጭ ቢከራይ ስሕተት አይሆንም። ስሙ ግን በየትኛውም ሁኔታ የማኅበሩ መሆን አለበት።

ሥራውን ራስን ችሎ መሥራት ይቻላልን? ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ወርድፕረስ የተባለው መሣሪያ በነፃ የሚገኝ ሲሆን፣ ኮምፒዩተር መጠቀም የሚያውቅ ወጣት በጥቂት ሳምንታት ልምምድ ሊሠራበት ይችላል። የግዕዝ ፊደልም እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም አቀፉ የፊደላት መለያ ውስጥ ስለተካተተ በአማርኛ መጻፍ ችግር የለውም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ መርሐ ግብርም ትምህርቱን ያለ ክፍያ በኢንተርኔት የሚሰጥ ሆኖ የተነሣ ነው። ከአባላት ልጆች መካከል ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ ሁለት ወጣቶችን መርጦ ማሠልጠን ተገቢ ነው። አንዱ ቢሄድ ሌላው እንዲተካው ነው ሁለት የተባለው።

ገጾቹ አምስት ቢሆኑ ይበቃሉ፤ ማኅበሩ ማን እንደሆነ፣ ምርቱ ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚበቅል፣ በምን ያህል መጠንና በየትኛው ወር እንደሚቀርብ፣ አድራሻውም የት እንደሆነ። ፎቶግራፍ ሁሉ ተቀንሶ ቀላል መደረግ አለበት። የአባላት ስልክ፣ የማሳቸው ካርታና የባንክ ሒሳብ ግን ለሕዝብ አይለጠፍም፤ የግል መረጃን ስለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለዚህ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የሚበልጠው ሥራ ከተሠራ በኋላ ያለው ነው። የውኃ ፓምፕ ዘይት ሳይቀየርለት እንደሚቆም ሁሉ፣ ያልታደሰ ድረ ገጽም ለሌባ ይጋለጣል። በየሳምንቱ ተከፍቶ ይታይ፤ በየወሩ መሣሪያው ይታደስ፤ ሙሉ ቅጂውም ወደ ማኅበሩ ኮምፒዩተር ይወረድ። ዋጋና መጠን በተለወጠ ቁጥር ወዲያው ይስተካከል፤ ያለፈው ዓመት ምርት ዛሬም «አለ» ብሎ የሚናገር ገጽ ከሌለ ገጽ ይልቅ እምነት ያሳጣል። የስሙ ማደሻ ቀን ከማብቃቱ ከሁለት ወር በፊት በሥራ ዕቅድ ውስጥ ይግባ።

ሁሉም ማኅበር ድረ ገጽ ያስፈልገዋል ማለት ግን አይደለም። ሽንኩርቱንና ወተቱን ለቦሌና ለለሚ ኩራ ነዋሪዎች የሚሸጥ መሠረታዊ ማኅበር ስልክና ቴሌግራም ሊበቃው ይችላል፤ ክፍያውንም ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ቴሌብር መቀበል ይችላል። ለሩቅ ገዢ የሚያቀርቡት ዩኒየኖች ናቸው ቅድሚያ የሚሰጡት፤ መሠረታዊ ማኅበራትም በዩኒየናቸው ገጽ ውስጥ አንድ አንድ ገጽ ቢያገኙ ወጪው ይቀንሳል።

የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በሚቀጥለው ስብሰባ ሊጠይቁት የሚገባ ጥያቄ አጭር ነው። ስሙ በማን ተመዝግቧል? መቼ ያበቃል? የይለፍ ቃሉስ በማን እጅ ነው? መልሱ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ በካዝና ይቀመጥ፤ ሊቀ መንበር ወይም ሥራ አስኪያጅ ሲለወጥም እንደ ማኅተሙ ሁሉ በፊርማ ርክክብ ይደረግበት፤ የይለፍ ቃሉም ይቀየር። የቁጥጥር ኮሚቴው መጋዘኑን ሲቆጥር ይህንንም ጨምሮ ይቁጠር። ንብረት ነውና።